የእንግሊዝ አገር ጠባብ ጀልባዎችና የአሮጌ ሞተሮቻቸው ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ለማክበር ዝግጅት በተጀመረ ጊዜ፥ ከእጅ ሥራ ክፍላችን በስተኋላ በቆርቆሮ ተሸፍኖ ስለሚገኘው አሮጌ የናፍጣ ሞተር በተማሪዎች መካከል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ይህ ሞተር የከተማው መብራት ከመግባቱ በፊት ለትምህርት ቤቱ የኤሌክትሪክ ብርሃን ይሰጥ የነበረ ነው። ከፊሎቹ «ቦታ ከመያዝ በቀር ምንም ስለማይጠቅም በብረት ዋጋ ይሸጥ» ሲሉ፥ ከፊሎቹ ደግሞ «የትምህርት ቤቱ ታሪክ ነውና ይቀመጥ፤ ቢቻልም ይጠገን» አሉ። እኔም ከሁለተኞቹ ወገን ስለ ነበርሁ፥ ለክርክሩ የሚሆን ማስረጃ ስፈልግ በእንግሊዝ አገር አሮጌ የቦይ ጀልባዎችን እየገዙ ስለሚያድሱ ሰዎች አነበብሁ። ታሪኩ እንደ ጠበቅሁት ለእኔ ወገን ብቻ የሚመሰክር አልሆነም። ቢሆንም ያገኘሁትን እንዳለ አቀርባለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦይ ሲባል ለመስኖ የሚቈፈረውን የሚያስብ ሰው ይኖራል። እዚህ የምናገርለት ግን ዕቃ የጫነ ጀልባ እንዲሄድበት በሰው እጅ የተቈፈረውን የውኃ መንገድ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ አገር የየብስ መንገድ በዝናብ ጊዜ ጭቃ ስለ ነበረ፥ አንድ የጭነት ፈረስ በጀርባው ከጥቂት እህል የበለጠ መሸከም አይችልም ነበር። ያው ፈረስ በጸጥተኛ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ጀልባ በገመድ ቢጎትት ግን 25 ቶን ያህል ሊያንቀሳቅስ ይችላል። የብሪጅዎተር መስፍን ይባል የነበረው ባለርስት፥ በወርስሊ ከነበረው የድንጋይ ከሰል ጉድጓዱ ወደ ማንቼስተር የሚወስድ ቦይ አስቈፍሮ በ1761 ዓ.ም. ሥራ ባስጀመረ ጊዜ፥ በከተማው የከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ። የሥራው መሐንዲስ ጄምስ ብሪንድሊ አስቀድሞ ወፍጮ ሠሪ የነበረ፥ ማንበብና መጻፍንም በወጉ ያልተማረ ሰው ነበር። (ይህን በመጻፌ መምህራኖቻችን እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።)

ቦዩ ከፍ ያለ ቦታ ሲያጋጥመው፥ በፊትና በኋላ መዝጊያ ያላቸው የድንጋይ ክፍሎች ይሠሩለታል። ጀልባው ከገባ በኋላ የኋላው መዝጊያ ተዘግቶ ከላይ ውኃ ሲለቀቅበት፥ ጀልባው ከውኃው ጋራ አብሮ ከፍ ይላል፤ ሲወርድም የዚህ ተቃራኒ ይደረጋል። ብሪንድሊ ወጪም ውኃም ለመቈጠብ ሲል እነዚህን ክፍሎች ከሁለት ሜትር ጥቂት ፈቀቅ ባለ ስፋት ብቻ አሠራቸው። ከዚህም የተነሣ ጀልባዎቹ ርዝመታቸው እስከ 22 ሜትር፥ ስፋታቸው ግን ከ2 ሜትር ከ10 ሳንቲም ያህል የማይበልጥ ሆነና «ጠባብ ጀልባ» ተባሉ። ብሪንድሊ በ1772 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ በ1777 ዓ.ም. የተፈጸመው የትሬንትና የመርሲ ቦይ በሄርካስል ኮረብታ ሥር ከ2 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ በዋሻ ያልፋል። በዋሻው ውስጥ ለፈረስ የሚሆን መንገድ ስላልተሠራ፥ የጀልባው ሰዎች በጀርባቸው ተጋድመው ግድግዳውን በእግራቸው እየረገጡ በጨለማ ይሻገሩ ነበር።

ከ1830 ዓ.ም. ወዲህ ምድር ባቡር እየተስፋፋ ሄደ። ባቡሩ ጭነቱን ስለ ተሻማ የጀልባ ኪራይ ወረደ፤ ኪራዩ ሲወርድም ብዙ ጀልባ ነጂዎች በየብስ ላይ ቤት መከራየት አቅቷቸው ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው በጀልባው ላይ መኖር ጀመሩ። ሚስት ደመወዝ የማይከፈላት ሠራተኛ ሆነች፤ ልጆቹም ፈረስ ነጂና መዝጊያ ከፋች ሆኑ። ከጀልባው ርዝመት አብዛኛው ለጭነት ስለሚያገለግል፥ ለመኖሪያ የሚቀረው በስተኋላ ያለ 3 ሜትር በ2 ሜትር ያህል የሆነ ክፍል ነበር። የከሰል ምድጃው፥ ቁም ሣጥኑና ቀን ቀን የሚታጠፈው አልጋ ሁሉ በዚያ ውስጥ ናቸው። በሩና የውኃ ማሰሮው በጽጌረዳ አበባና በቤተ መንግሥት ሥዕል ያጌጡ፥ ናሱም እንደ መስተዋት የተወለወለ ነበር። ዛሬ የሚያዩት ጎብኚዎች «እንዴት ያምራል» ይላሉ፤ በእውነትም ያምራል። ነገር ግን በዚያ ክፍል ከአባትና ከእናት ጋራ ስንት ልጆች ይተኙ እንደ ነበር የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህን ከጠየቁት አንዱ ጆርጅ ስሚዝ የሚባል የኮልቪል ሰው ነው። እርሱ ራሱ በልጅነቱ በሸክላ ጡብ ፋብሪካ የሠራ በመሆኑ፥ በመጀመሪያ ለጡብ ፋብሪካ ልጆች፥ ቀጥሎም ለጀልባ ልጆች ተከራከረ። በ1877 ዓ.ም. የወጣው የቦይ ጀልባዎች ሕግ፥ መኖሪያ የሆነ ጀልባ ሁሉ እንዲመዘገብና በአንድ ክፍል የሚተኙት ሰዎች ቍጥር እንዲወሰን አዘዘ፤ የ1884 ዓ.ም. ማሻሻያም ቍጥጥሩን አጠበቀ። ስለ ትምህርት የተጻፈው ግን በአብዛኛው በወረቀት ላይ ቀረ። ጀልባው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ስለሚያድር፥ አንድ ልጅ በአንድ ትምህርት ቤት ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ሊቀመጥ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ በ20ኛው መቶ ዓመት እንኳ በጀልባ ተወልደው አድገው ስማቸውን መጻፍ የማይችሉ ብዙ ነበሩ። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ስለ አሮጌ ጀልባ የነበረኝ ናፍቆት ቀዝቀዝ ማለቱን አልደብቅም።

አሁን ወደ ሞተሩ ልምጣ። ፈረስና በቅሎ ለብዙ ዘመን ከሠሩ በኋላ አንዳንድ ኩባንያዎች የእንፋሎት መኪና ሞከሩ፤ ይሁን እንጂ ማፍያውና ከሰሉ የጭነቱን ቦታ ስለ ያዘ፥ እሳት የሚቈሰቍስ ሰውም ስለሚያስፈልግ አልተስፋፋም። መላው የመጣው ከስዊድን አገር ነው። ፌሎውስ፥ ሞርተንና ክሌይተን የሚባለው ትልቅ የጭነት ኩባንያ በ1912 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተሠራ ባለ 15 የፈረስ ጕልበት የቦሊንደር ሞተር በአንድ ጀልባ ላይ ተከለ። ይህ ሞተር አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፥ እንደ ዛሬዎቹም በቍልፍ የማይነሣ ነው። በሲሊንደሩ ራስ ላይ ያለው የብረት ጕልላት፥ በላምባ በሚሠራ፥ እኛ በቤታችን ከምናውቀው ፕሪመስ ምድጃ ጋራ በሚመሳሰል ነበልባል አሥር ደቂቃ ያህል ይጋላል። ፍም ሲመስል ጥቂት ዘይት ይረጭበትና፥ ነጂው ከቮላኖው ላይ የወጣውን እጀታ በእግሩ በብርቱ ይረግጠዋል። እግሩን ቶሎ ያላነሣ ሰው ሊሰበር ይችል ነበር። ከተነሣ በኋላ ግን ጕልላቱ በሥራው ሙቀት እንደ ጋለ ስለሚቈይ ነበልባሉ አያስፈልግም።

ይልቁንም የሚያስደንቀው ወደ ኋላ የሚሄድበት ብልሃት ነው። ብዙዎቹ የቦሊንደር ሞተሮች ማርሽ አልነበራቸውም። ነጂው ሞተሩ ሊጠፋ እስኪቃረብ ድረስ ያቀዘቅዘውና፥ ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲመጣ ዘይቱን ያለ ጊዜው ያስገባል፤ በዚያን ጊዜ ፍንዳታው ፒስቶኑን ወደ መጣበት ይመልሰውና ሞተሩ በተቃራኒው መሽከርከር ይጀምራል። የሰዓቱን ልክ የሚነግረው ጆሮ ብቻ ነበር። በገጠር ያደግን ልጆች የናፍጣ ወፍጮ ከሩቅ ቱክ ቱክ ሲል ወፍጮው ባዶ እየዞረ ወይም እህል እየፈጨ መሆኑን በድምፁ እንለይ እንደ ነበረው፥ የጀልባ ልጆችም ከመታጠፊያው ወዲያ የሚመጣውን ጀልባ ሳያዩ በሞተሩ ድምፅ ያውቁት ነበር ይባላል።

በ1930ዎቹ ዓመታት ግራንድ ዩኒየን የሚባለው የቦይ ኩባንያ ከመቶ ሃምሳ ጥንድ በላይ ጀልባዎች አሠራ። በጥንዱ ፊተኛው ባለ ሞተር፥ ኋለኛው ተጎታች ነው። ራስል ኒውበሪና ናሽናል የሚባሉ ባለ ሁለት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮች ተተከሉባቸው። ነገር ግን ለጀልባዎቹ ሁሉ በቂ ነጂ አልተገኘም፤ ብዙዎቹም አዲስ ሳሉ ያለ ሥራ ቆሙ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 ዓ.ም. ቦዮቹ ከነብዙ ጀልባዎቻቸው የመንግሥት ሆኑ። የጭነት መኪና እየበዛ ሲሄድም ሥራው ተመናመነ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ትርፍ ከሆኑት ጀልባዎች ብዙዎቹ፥ ከሎንዶን በስተ ምዕራብ በሄርፊልድ ጠጠር ከወጣበት ጉድጓድ በሆነ ኩሬ ውስጥ ሆን ተብለው እንዲሰምጡ ተደረጉ። ከ1962 ወደ 1963 ዓ.ም. በተሻገረው ብርቱ ክረምት ቦዮቹ ለሳምንታት በረዶ ሆነው ጀልባዎቹ ባሉበት ታሰሩ፤ ከዚያ በኋላ የመንግሥቱ የጭነት ሥራ አብዛኛው አልቀጠለም። ከአተርስቶን ወደ ሎንዶን አጠገብ ወዳለ የማርማላታ ፋብሪካ ከሰል ያመላልሱ የነበሩት ጀልባዎችም በ1970 ዓ.ም. ቆሙ። በዚህም የረጅም መንገድ የዘወትር ጭነት አበቃ።

ጀልባዎቹን የማዳን አሳብ የመጣው ግን ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። ኤል. ቲ. ሲ. ሮልት የሚባል መሐንዲስ በ1939 ዓ.ም. ክሬሲ በምትባል የእንጨት ጀልባ ከሚስቱ ጋራ መኖር ጀመረ፤ የጀልባይቱም ሞተር ከፎርድ አውቶሞቢል የተወሰደ ነበር። ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ በ1944 ዓ.ም. ታተመ። መጽሐፉን ካነበቡት አንዱ ከሆነው ከሮበርት ኤይክማን ጋራም በ1946 ዓ.ም. የአገር ውስጥ የውኃ መንገዶች ማኅበርን መሠረቱ። ሊደፈኑ የነበሩ ብዙ ቦዮች በዚህ ማኅበር ክርክር ተርፈዋል። ክሬሲ ራሷ ግን በስብሳ ከ1950ዎቹ አላለፈችም። ለሌሎቹ መትረፍ ምክንያት የሆነችው ጀልባ እርሷ አለመትረፏ የሚያሳዝን ነው።

እነሆ እንግዲህ አንድ ሰው ዛሬ አሮጌ የጭነት ጀልባ ሊገዛ ቢሄድ ምን ይገጥመዋል? በመጀመሪያ ቀለሙን ሳይሆን ከውኃ በታች ያለውን ማየት አለበት። ስለዚህ ጀልባው ከውኃ ወጥቶ ዐዋቂ ሰው ብረቱን በመዶሻ እየመታ በድምፁ ይፈትነዋል፤ ውፍረቱንም በመሣሪያ ይለካዋል። ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የሳሳውን አብዛኛውን ጊዜ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች አይቀበሉትም። ብዙዎቹ አሮጌ ጀልባዎች ጎናቸው ብረት፥ ወለላቸው ኤልም የሚባል እንጨት ነበር። ኤልም በውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ ለረጅም ዘመን ይቈያል፤ ነገር ግን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመጣው የዛፍ በሽታ የእንግሊዝ አገር ኤልም ከሞላ ጐደል ስለ ጠፋ፥ ትልቅ ጣውላ ማግኘት ጭንቅ ሆነ። ስለዚህ ወለሉን በብረት የሚለውጡ ብዙ ናቸው።

ጀልባው ከነጎኑ የእንጨት ከሆነ ሥራው ከዚህ ይብሳል። የኦክ ጣውላው በእንፋሎት ሣጥን ውስጥ ለሰዓታት ተቀቅሎ፥ ሳይቀዘቅዝ በሩጫ ወጥቶ ወደ ጀልባው ቅርጽ ይታጠፋል፤ ክፍተቱም በተፈታ ገመድና በቅጥራን ይደፈናል። የጥንት ሠሪዎች በጣውላው ላይ የሚቀቡት ነገር ደግሞ የፈላ ቅጥራን፥ የላም ጠጕርና የፈረስ ፋንድያ ቅልቅል ነበር። በአገራችን ጭቃን ከጭድ፥ ጐተራን ከእበት ጋራ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይሥቅም።

ለሞተሩም መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ስለሌለ፥ ባለቤቱ ወይ ከሌላ የሞተ ሞተር ይነቅላል፥ ወይም የተሰበረውን ክፍል ከእንጨት ቀርጾ በዚያ አምሳል አዲስ ብረት ያስፈስሳል። ያረጀ ኩሽኔታ ነጭ ብረት የሚባለው ማዕድን ቀልጦ ይፈስበትና፥ ከዘንጉ ጋራ እስኪገጥም ድረስ በእጅ እየተፋቀ ይስተካከላል። ይህ ሁሉ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ይፈጃል፤ የሚወጣውም ገንዘብ ጀልባው ከተገዛበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ከዚህ በኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ወለሉ ተለውጦ፥ ጎኑ ተለውጦ፥ ሞተሩም ከሌላ ቦታ ከመጣ፥ ጀልባው ያው ጀልባ ነውን? በ1909 ዓ.ም. በበርሚንግሃም የተሠራችው ፕሬዚደንት የተባለች ጀልባ በመጀመሪያ በእንፋሎት ትሄድ ነበር፤ በ1925 ዓ.ም. የእንፋሎቱ መኪና ወጥቶ ቦሊንደር ገባባት። በ1973 ዓ.ም. ፈራርሳ ሳለች የገዟት ሰዎች ሲያድሷት ዳግመኛ የእንፋሎት ጀልባ አደረጓት፤ የመጀመሪያው መኪና ግን ከጠፋ ቈይቶ ነበርና ሌላ ተተከለላት። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የብላክ ካንትሪ ቤተ መዘክር ንብረት ናት። በእንፋሎት ስትሄድ ማየት ለተመልካች ታላቅ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን በሞተር ደክማ የሠራችባቸው ረጅም ዓመታት ከአካሏ ላይ ተፍቀዋል። በአንጻሩ ፍሬንድሺፕ የምትባለው የእንጨት ጀልባ አለች። ጆ ስኪነርና ሚስቱ ሮዝ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ በበቅሎ እየጎተቱ ከሰል ጭነውባታል፤ ዛሬም በ1976 ዓ.ም. በተከፈተው በኤልስሚር ፖርት የጀልባ ቤተ መዘክር ትገኛለች። ሞተር ኖሯት አያውቅም። እኔ ከሁለቱ የምመርጠው ሁለተኛውን መንገድ ነው፤ ይኸውም ጀልባይቱን መጨረሻ በሠሩባት ሰዎች እጅ እንደ ነበረች ማቈየትን። ሆኖም ሁሉም እንዲሁ ቢቀመጥ የቦሊንደርን ድምፅ ዛሬ ማን ይሰማው ነበር ለሚለኝ ሰው በቂ መልስ የለኝም።

ወደ ትምህርት ቤታችን ሞተር ልመለስና ላብቃ። ስለ ጀልባ ልጆች ካነበብሁ በኋላ፥ እኛ የተከራከርነው ስለ ብረቱ ብቻ መሆኑን አስተዋልሁ። ስለዚህ ከሁለት ጓደኞቼ ጋራ ሆነን፥ ሞተሩን በየማታው ያስነሡ ወደ ነበሩት ሽማግሌ ቤት ሄድን። እርሳቸውም ማኖቬላውን ለማዞር ሁለት ሰው ያስፈልግ እንደ ነበረ ነገሩን፤ የፈተና ሰሞን ደግሞ አዳሪ ተማሪዎች በራፋቸው ላይ ቆመው «አባባ፥ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይጨምሩልን» እያሉ ይለምኗቸው ነበርና፥ ናፍጣው በልክ የሚሰጥ ስለ ሆነ አንዳንድ ቀን እሺ፥ አንዳንድ ቀን እንቢ ይሉ ነበር። እንቢ ያሉባቸውን ቀኖች እስከ ዛሬ ያስታውሷቸዋል። የተናገሩትን በደብተር ጽፈናል። ሞተሩ ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ የሚለው ገና አልተቈረጠም፤ እስከዚያው ግን የፒስቶኑ ቀለበቶች ዝገው እንዳይጣበቁ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት እያጠጣን ቮላኖውን በእጃችን እናዞራለን። ሽማግሌውም ከጎናችን ቆመው «ቀስ፥ ቀስ፤ ወደ ግራ ነው» ይሉናል።