ማዕረግና መሻገር፤ ስለ ብቸናና ስለ ሞጣ ተማሪዎች የጕዞ ታሪክ

በየዓመቱ የምረቃ ቀን ሲደርስ በማዕረግ የተመረቁት ጓደኞቻችን ስም ለብቻው ይጠራል። ከዚያም ጥቂት ወራት ሳያልፍ ከእነዚሁ መካከል እነማን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር እንደሚሄዱ በየመኝታ ቤቱ ይወራል። ማዕረግና ወደ ውጭ መሄድ እንዲህ ተያይዘው ስለሚነሡ፥ ብዙዎቻችን ሁለቱም ከዩኒቨርሲቲ ጋር ከባሕር ማዶ የመጡ ነገሮች ይመስሉናል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ ያሰብነው ግን በምሥራቅ ጎጃም፥ ይልቁንም በብቸናና በሞጣ በኩል፥ ሁለቱ ተያይዘው መኖር የጀመሩት ከዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን አስቀድሞ መሆኑን ነው። ከዚህም ጋር አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ ይኸውም የጥንቱ ተማሪ ተሻግሮ ተምሮ ሲመለስ የኋለኛው እንደዚያ ያልተመለሰው ስለ ምንድን ነው የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ማዕረግ። ቃሉ «ዐርገ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን መውጫ፥ ደረጃ ማለት ነው። በቅኔ ቤትም ነገሩ እንደ ቃሉ ነው። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቀጥሎ ዘአምላኪየ፥ ሚበዝኁ፥ ዋዜማ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይወጣል። ቀን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያወጣውን ቅኔ ማታ ከመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል፥ ወይም አልሆነም ብሎ ይመልሰዋል። እንግዲህ ፈተናው በዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ ሳይሆን በየማታው ያለ ነው። መወድስ የደረሰው ተማሪ ቤት ሞላ ይባላል። ይሁን እንጂ ቤት የሞላ ሁሉ መምህር አይሆንም። መምህሩ አምኖ ሌሎቹን እንዲያስነግር ካልፈቀደለትና ኋላም ካልመሰከረለት በቀር፥ ራሱ ወንበር ዘርግቶ ቢቀመጥ የሚሰማው አያገኝም። ይህም ምስክር በወረቀት የሚጻፍ አልነበረም፤ «ከማን ተማርህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነበር።

ስለ መሻገር ስንመጣ ደግሞ፥ የብቸናና የሞጣ ልጅ ለቅኔ ሲል ሩቅ መሄድ የሚያስፈልገው አይመስልም። ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ለብቸና ቅርብ ናቸው፤ መርጡለ ማርያምና ሞጣ ጊዮርጊስም በዚያው በምሥራቅ ጎጃም ናቸው። በቅኔ ቤትነት ስማቸው የገነነው ዋሸራና ጎንጅም የጎጃም ናቸው፤ ከታወቁት ከሦስቱ ዋድላ ብቻ ከወሎ ነው። ከበጌምድር፥ ከሸዋና ከትግራይ ሳይቀር ለቅኔ ወደ ጎጃም ይመጡ ነበር። ነገር ግን ልጁ በሰፈሩ ቢማር እናቱ ትጠራዋለች፥ አባቱም ለአጨዳ ይፈልገዋል። ስለዚህ የብቸናው ወደ ሞጣ፥ የሞጣው ወደ ዲማ ይሄዳል። ብዙውም ለወላጆቹ ሳይነግር የሚጠፋ ነበር።

ቅኔውን ከጨረሰ በኋላ ሌላ ሙያ የሚሻው ተማሪ ዓባይን መሻገር ግድ ሆነበት። የድጓ ምስክር ጋይንት ቤተልሔም፥ የዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፥ የአቋቋም ጎንደር ነውና። ከሞጣ ወደ ጋይንት የሚያቀናው በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ወደ ተሠራው፥ ሰባራ ድልድይ ወደሚባለው ይወርዳል። የዚህ ድልድይ መካከል በጣሊያን ወረራ ጊዜ ፈርሶ ስለ ነበር፥ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፥ ከወዲህና ከወዲያ ማዶ በቆሙ ሰዎች እየተሳበ ነበር የሚሻገረው። ድጓ ለማስመስከር የሚሄድ ሰው ደግሞ መጽሐፉን በገዛ እጁ ጽፎ መያዝ ነበረበት። የብዙ ዓመት ድካሙን በብራና ተሸክሞ በዚያ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ተማሪ ምን ያስብ እንደ ነበር፥ ዛሬ የአውሮፕላን ቲኬት በእጃችን ይዘን የምንጨነቅ ሁሉ ብናስበው መልካም ነው።

ለዚህ ሁሉ ጕዞ ገንዘብ የሚሰጥ መንግሥት አልነበረም። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቦ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ ገበሬውም ከማዕዱ ይቈርስለታል። እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት አልጋና ምሳ ተዘጋጅቶልን የተማርን ስለሆንን፥ የአኮፋዳን ነገር ከመስማት በቀር አናውቀውም። ነገር ግን ዛሬ ስኮላርሺፕ የምንለውን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲከፍል የኖረው፥ ውሻውን ገሥጾ ለማያውቀው ልጅ እንጀራ ያወጣው የብቸናና የሞጣ ገበሬ መሆኑን መካድ አይቻልም።

ከመሄዱ ይልቅ ግን እኛን ያስገረመን መመለሱ ነው። በሄደበት አግብቶ የቀረ ተማሪ የለም ማለታችን አይደለም። ሆኖም የተመለሰው የሚቀመጥበት ነበረው። ሞጣ ጊዮርጊስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ልጅ በወለተ እስራኤል ሲደበር፥ መሬት ለካህናቱ ተደልድሎ ነበር፤ መርጡለ ማርያምና ደብረ ወርቅም ባለ መሬት ነበሩ። መሬቱ የሚያዘው በአገልግሎት ስለሆነ፥ ምስክር ይዞ የመጣው ሊቅ ከአገልጋዮቹ ጋር ተቈጥሮ እህል ያገኛል፤ ወንበር ዘርግቶም ያስተምራል። በደንቡ ጭሰኛው ይጐዳ እንደ ነበር የመሬት ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል፤ ይህን ልንሸፍን አንፈልግም። ስለ ትምህርቱ ብቻ ስንናገር ግን ማዕረግ፥ ጕዞና ወንበር ሦስቱ አንድ ገመድ ነበሩ።

ከዚህ ዘመን ወደ ቀጣዩ የተሻገረ ሰው ብንፈልግ ከሐዲስ ዓለማየሁ የተሻለ አናገኝም። በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ በ1917 ዓ. ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ገብተው ተማሩ። ባሕር የተሻገሩት ግን በትምህርት ገንዘብ አልነበረም፤ በወረራው ጊዜ ተዋግተው ተማርከው ወደ ጣሊያን ደሴቶች ተግዘው ነው። ከእርሳቸው አስቀድሞ ወደ ፈረንሳይ፥ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተልከው ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በኋላ በነበረው ግድያ አልቀዋል። ሐዲስ ኋላ በለንደን አምባሳደር ሆነው ሠሩ። በ1958 ዓ. ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩ የሚፈጸመው ግን በለንደን ሳይሆን በዲማ ጊዮርጊስ ነው። በሥጋ ባይሆን በብዕር ተመለሱ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ. ም. ተከፍቶ በ1946 ዓ. ም. የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች አስመረቀ። በአገር ውስጥ ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ የሚማሩበት ቦታ ስላልነበረ፥ በማዕረግ የተመረቀው ወደ ካናዳ፥ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ መላኩ እንደ ደንብ ተቈጠረ። የሕክምና ፋኩልቲ በ1957 ዓ. ም. እስኪቋቋም ድረስም ሐኪም ለመሆን የሚሹት ጥቂት ዓመት እዚህ ተምረው ወደ ቤይሩት ይሄዱ ነበር። ለብቸናና ለሞጣ ልጅ ግን መሻገሩ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎ ወደ አዲስ አበባ፥ በመጨረሻም ወደ ውጭ። በየደረጃው ማዕረጉ ሲጨምር ከቀዬው እየራቀ ይሄዳል። በፊዚክስ ወይም በኢኮኖሚክስ ዶክተር ሆኖ የተመለሰ ሰው ከአዲስ አበባ አልፎ ብቸና ቢደርስ በምን ወንበር ይቀመጥ ነበር? አንዳንድ ጸሐፊዎች ያልተመለሱትን ሁሉ አገራቸውን የረሱ አድርገው ይወቅሳሉ። እኛ ግን ወቀሳው የሚገባው ላኪውን ነው እንላለን፤ መንገዱን አዘጋጅቶ ወንበሩን አላዘጋጀምና።

በጕዞው አንጻር የተሞከሩ ነገሮችም አሉ። በ1950 ዓ. ም. ለሌሎች አፍሪካውያን ተማሪዎች 200 ስኮላርሺፕ ስለ ተሰጠ፥ ኢትዮጵያ ራሷ ለሌሎች ማዶ ሆነች። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የኤትኖሎጂ ማኅበርም ተማሪዎች ስለ ትውልድ አገራቸው ልማድ የጻፉትን በቡለቲኑ ያወጣ ነበር፤ የዛሬው ጽሑፋችንም የዚያ ልማድ ልጅ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1957 ዓ. ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነበር። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፥ አብዛኛውን ጊዜ በአስተማሪነት፥ እንዲያገለግል ግዴታ ሆነ። ብዙዎቹ እያጕረመረሙ ሄዱ። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የዲግሪው መንገድ በገጠር ከተማ በኩል አለፈ።

ከ1966 ዓ. ም. በኋላ በውጭ የነበሩት ብዙዎች በዚያው ቀሩ። በ1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት አዋጅም የአብያተ ክርስቲያናቱ መሬት ስለ ተወሰደ፥ የጥንቱ ወንበርም መደገፊያውን አጣ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ. ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ልማድ፥ በከፍተኛ ውጤት የተመረቀው በረዳት ምሩቅነት ይቀጠራል፤ ከዚያም ተመልሶ ሊያስተምር ውል ፈርሞ ለቀጣዩ ዲግሪ ይላካል። ወንበሩ ከጕዞው ቀደመ ማለት ነው። ውሉን አፍርሶ የሚቀር መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ ደመወዙም አነስተኛ ነው። ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ የዲማን ደንብ የሚመስለው ይህ ነው።

ባለፈው ክረምት በብቸና አጠገብ አንድ አዛውንት የቅኔ መምህር አነጋግረን ነበር። «የኔታ፥ ከተማሪዎችዎ ስንቱ ተመልሶ ወንበር ያዘ?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ መሄዱን እኔም ሄጃለሁ፤ ተመልሶ የሚቀመጥበት ያገኘ ተቀመጠ፥ ያጣም ሲዞር ይኖራል» አሉን። ቀጥሎም ከመካከላችን አንዱ በማዕረግ ሊመረቅ መሆኑንና ወደ ካናዳ ለመሄድ ማመልከቻ ማስገባቱን ነገርናቸው። የኔታ ጥቂት ዝም ብለው፥ «መምህሩ ማን ይባላሉ?» ሲሉ ጠየቁ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ነገርናቸው። «እርሱ አገሩ ነው፤ እኔ የጠየቅሁት መምህሩን ነው» አሉን። ከመካከላችን ስሙን የሚያውቅ አልነበረም።