ፋታ ሰጪ መድኃኒቶች፤ የነፍሰ ጡር ከባድ የደም ግፊት ሕክምና ታሪክ

በ1843 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጆን ሊቨር የተባለ የለንደን ሐኪም፣ በእርግዝና ሳቢያ በሚንቀጠቀጡ እናቶች ሽንት ውስጥ አልቡሚን መኖሩን ገለጠ። የደም ግፊታቸውን የሚለካበት መሣሪያ ግን አልነበረውም። ይህ ጉድለት የተሟላው ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ በ1896 በክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ፣ ሩሲያዊው ኮሮትኮፍም በ1905 በማዳመጫ የመለካትን ዘዴ ካስተዋወቁ በኋላ ነው።

የላይኛው ግፊት 160፣ ወይም የታችኛው 110 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ እናቲቱ በአንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ ልትሞት ትችላለች። ይሁን እንጂ አደጋውን መለካት ሌላ፣ ማብረድ ሌላ ነው። ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ከዕረፍት፣ ከማደንዘዣና ከማዋለድ በቀር እምብዛም አማራጭ አልነበራቸውም።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ሃይድራላዚን የትንንሽ ደም ቅዳ ቧንቧዎችን ጡንቻ በቀጥታ ያላላል፤ ቧንቧው ሲሰፋም ግፊቱ ይወርዳል። ልብ ግን ይህን ለማካካስ በፍጥነት ይመታል፤ ራስ ምታትም ይከተላል። ራስ ምታት የበሽታው የራሱ ምልክት በመሆኑ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ቀጥሎ የመጣው ሜቲልዶፓ ከአንጎል ወደ ደም ሥሮች የሚሄደውን የማጥበቅ ትእዛዝ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋል።

በ1970ዎቹ የወጡት ሁለት መድኃኒቶች ምርጫውን አሰፉት። ላቤታሎል የደም ሥሮችን መጥበብና የልብን መፍጠን በአንድነት ይገታል፤ አስም ላለባት እናት ግን አይስማማም። ኒፌዲፒን ደግሞ ካልሲየም ወደ ጡንቻው ሕዋስ እንዳይገባ በመከልከል ቧንቧውን ያላላል።

በሕንድ አገር በናግፑር ከተማ በ894 እናቶች ላይ ተካሂዶ በ2019 የታተመው ጥናት ሦስቱን በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች አወዳደረ። በ6 ሰዓት ውስጥ ያለ ጉዳት ግፊታቸው የተስተካከለላቸው ኒፌዲፒን ከወሰዱት 84፣ ላቤታሎል ከወሰዱት 77፣ ሜቲልዶፓ ከወሰዱት 76 በመቶ ነበሩ። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትና የቅርብ ክትትል በማይገኝበት ጤና ጣቢያ፣ እንክብል ሕይወት ሊያድን እንደሚችል ይህ ውጤት አስረዳ።

ግፊቱን በድንገት አብዝቶ ማውረድ ግን ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ ፅንሱን ይጎዳል። መንቀጥቀጥን የሚከላከለውም ማግኒዚየም ሰልፌት እንጂ ከእነዚህ አንዱ አይደለም። የበሽታው ምንጭ እንግዴ ልጁ በመሆኑ ፍጻሜው መውለድ ነው፤ መድኃኒቶቹ የሚሰጡት እስከዚያ የሚያደርስ ፋታ ነው።