በመድኃኒት ላልተሻለ ቃር በኢንዶስኮፒ የሚሰጥ ሕክምና

ቃር የሚከሰተው የጨጓራ አሲድ ወደ ምግብ ቧንቧ ሲመለስ ነው። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል የሚገኘው ቀለበት መሰል ጡንቻ ሲላላ፣ አሲዱ ወደ ላይ እየወጣ ደረትን ያቃጥላል፤ ጎምዛዛ ፈሳሽም ወደ አፍ ያመጣል።

የመጀመሪያው ሕክምና የአኗኗር ለውጥና መድኃኒት ነው። ክብደትን መቀነስ፣ ማጨስን ማቆም፣ እራት ከበሉ በኋላ ቢያንስ ለ3 ሰዓት አለመተኛት ይመከራል። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ፣ ምግብ ከመመገብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ፣ ብዙውን ጊዜ ለ8 ሳምንታት ይወሰዳሉ። ከምግብ በኋላ ወይም እያቆራረጡ መውሰድ የመድኃኒቱን ውጤታማነት ይቀንሳል።

በአግባቡ ተወስዶም ለውጥ ካልታየ ምርመራ ያስፈልጋል። የጨጓራ ቁስለትና የልብ ሕመም ተመሳሳይ ስሜት ሊፈጥሩ ስለሚችሉ፣ የምግብ ቧንቧው በኢንዶስኮፒ ይታያል፤ እንደ አስፈላጊነቱም የአሲዱ መጠን ለ24 ሰዓታት ይለካል።

አሲዱ መመለሱ ከተረጋገጠ፣ ሆድ ሳይቀደድ በአፍ በኩል የሚሰጡ ሁለት ዋና ዋና ሕክምናዎች አሉ። በአንደኛው የጨጓራው የላይኛው ክፍል በምግብ ቧንቧው ዙሪያ ታጥፎ በልዩ ማያያዣ ይጠበቃል። በሁለተኛው የሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ለላላው ጡንቻ ይሰጣል።

ሕክምናዎቹ ለሁሉም አይሆኑም። ከ2 ሳንቲ ሜትር የበለጠ የጨጓራ መንሸራተት ወይም የምግብ ቧንቧ ከፍተኛ መቁሰል ላለባቸው ታካሚዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የሚታወቀው የኒሰን ቀዶ ሕክምና የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል። በኢንዶስኮፒ ከታከሙት መካከልም ከጊዜ በኋላ ወደ መድኃኒት የሚመለሱ አሉ። የደም መፍሰስና የምግብ ቧንቧ መበሳት ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥሙ ጉዳቶች ናቸው።

ለደራ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች ምርመራው ተጨማሪ ትርጉም አለው። አርሲና ባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ከሚታይባቸው የሀገራችን አካባቢዎች መካከል ናቸው። በአካባቢው የሚበዛው የካንሰር ዓይነት በአብዛኛው ከቃር የሚመነጭ ባይሆንም፣ ምልክቱ እንደ ተራ ቃር ተቆጥሮ ሊዘገይ ይችላል። ስለሆነም ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ደም ማስታወክ ወይም ጥቁር ሰገራ የታየበት ሰው መድኃኒት እየቀያየረ መቆየት የለበትም። ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ቀርቦ፣ ለኢንዶስኮፒ ምርመራ ወደ ሆስፒታል የሚላክበትን ሪፈር መጠየቅ ይኖርበታል።