የኦክስፎርድ ግንቦች
ስለ እንግሊዝ መደብ ሲወራ ሁልጊዜ ከሎርዶቹ እንጀምራለን። ዛሬ ግን ከግንብ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1934 በኦክስፎርድ ከተማ፣ ከትስሎ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤት ሠሪ ኩባንያ ሁለት መንገዶችን ቆርጦ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝሙ፣ አናታቸው ላይ ሹል ብረት የተተከለባቸው ግንቦች አቆመ። ወዲህ የማዘጋጃ ቤት ተከራዮች፣ ወዲያ የግል ቤት ነዋሪዎች። ጎረቤታሞች ናቸው እኮ! ቋንቋቸውም ንጉሣቸውም አንድ ነው። የወዲህኞቹ ግን ወደ ዋናው መንገድ ለመውጣት ዙሪያ ጥምጥም ይሄዱ ነበር። በ1938 ማዘጋጃ ቤቱ ግንቦቹን በመዳመጫ መኪና አፈረሳቸው፤ ፍርድ ቤት ለኩባንያው ፈረደና እንደገና ተገነቡ። ሕጉ የማን ዘበኛ እንደነበረ ልብ ይሏል። ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ የፈረሱት በ1959 ነው፤ ያውም ማዘጋጃ ቤቱ መሬቱን በገንዘብ ከገዛ በኋላ። ግንቦቹ ሲቆሙ የተወለደ ልጅ ያን ጊዜ የእኛን ዕድሜ አልፎ ነበር።