ለጉዳዩ ሄዶ ለቁስለኞች የቆየው ሰው

የቀይ መስቀልን ምልክት በአምቡላንስ ላይ ሁላችንም እናየዋለን፤ ከየት እንደ መጣ ግን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። መጻሕፍት ብናገላብጥ ያገኘነው የነገሥታት ሥራ ሳይሆን የአንድ ነጋዴና የመንደር ሴቶች ሥራ ነው።

ነጋዴው የዤኔቭ ተወላጅ ሄንሪ ዱናን ይባላል። በሰኔ ወር 1851 ዓ.ም. በ31 ዓመቱ ወደ ሰሜን ኢጣልያ የሄደው ለበጎ አድራጎት አልነበረም። በአልጄሪያ ለነበረው የወፍጮ ሥራ ከፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ከናፖሌዎን 3ኛ ፈቃድ ሊለምን ነበር እንጂ። ነገር ግን የፈረንሳይና የሰርዲኒያ ጦር ከኦስትሪያ ጦር ጋር በሶልፌሪኖ ገጥሞ፣ በአንድ ቀን 40,000 ያህል ሰው ሞቶና ቆስሎ ወደቀ። ዱናን አጠገቡ ካለችው ከካስቲሊዮኔ ሲደርስ አብያተ ክርስቲያናቱ በቁስለኛ ተሞልተዋል፤ ሐኪም ግን ከጥቂት በቀር የለም። የከተማይቱ ሴቶች ውሃ እየቀዱ፣ ቁስል እያጠቡ፣ ወዳጅ ነው ጠላት ነው ሳይሉ ኦስትሪያዊውንም ያስታምሙ ነበር። የብዙዎቹን ስም ታሪክ አልጻፈውም። ዱናንም ጉዳዩን ትቶ ከእነርሱ ጋር ሠራ፤ በገዛ ገንዘቡም ሸሚዝና ሎሚ፣ ትምባሆም ሳይቀር አስገዛላቸው።

ያየውን በ1855 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት አምስት ሰዎች በዤኔቭ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በነሐሴ 1856 ዓ.ም. 12 መንግሥታት ቁስለኛና አስታማሚ እንዳይነካ በውል ፈረሙ። ዱናን ራሱ በንግዱ ከስሮ፣ ኮሚቴውም አስወጥቶት፣ ብዙ ዓመት በድህነት ተረስቶ ኖረ። በ1894 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኖቤል የሰላም ሽልማት ለእርሱና ለፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ፓሲ ተሰጠ።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ነው። ስድስት ወር ሳይሞላው፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በገናሌ ወንዝ ዳር በመልካ ዲዳ የሰፈረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት በቦምብ ደበደቡ። ብዙ ሕሙማን አለቁ፤ አንድ ስዊድናዊም ሞተ። ካስቲሊዮኔም የኢጣልያ ከተማ ናት! ይህን ስናነብ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ክርክር ተነሣ። ገሚሶቻችን፣ «ታዲያ ውሉ ምን ረባ?» አልን። አንዱ ጓደኛችን ግን ሌላ ጥያቄ አመጣብን፤ «በገናሌ ዳር የሞተው ስዊድናዊ ምን ዘመዳችን ነበር?» አለ። ደወል እስኪደወል ድረስ የመለሰለት የለም።