መልካም ጠባይ የዘወትር ሥራ ነው



ከጣና ባሕር በስተምሥራቅ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው በሚተኙበት በፎገራ ሜዳ በኩል ያለፈ መንገደኛ የወንዛዬን ፍል ውሃ ስም ሳይሰማ አይቀርም። ከጉማራ ወንዝ አጠገብ ከምድር ውስጥ ሞቆ የሚወጣው ይህ ውሃ ቁርጥማት የያዘውን፣ ቆዳው የቆሰለውን ሕመምተኛ ሁሉ ከሩቅም ከቅርብም ይጠራል። ሕመምተኛውም ስንቁን ቋጥሮ ይወርድና ቀን እየቆጠረ ይሰነብታል እንጂ፣ አንድ ጊዜ ተነክሮ «ይበቃኛል» ብሎ ወደ ቤቱ አይሮጥም። ፈውስ በመመላለስ እንደሚገኝ ያውቃልና።

የሥጋ ነገር እንዲህ ከሆነ የጠባይስ ነገር እንዴት ይሆን? ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ይህን ነው።

በሕንድ አገር የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮችም ጋንጅስ በሚባለው ታላቅ ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ። ሆኖም ከመምህራኖቻቸው ብዙዎቹ ውሃ ገላን ያነጻል እንጂ ያለ መልካም ምግባር ሰውን አያነጻም እያሉ አስተምረዋል። ትምህርታቸው በሁለት ቃላት ላይ የቆመ ነው። አንደኛው «ዳርማ» ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ሊፈጽመው የሚገባው የጽድቅ ሥርዓትና ግዴታ ማለት ነው፤ ሁለተኛው «ካርማ» ሲሆን፣ ትርጓሜው ሥራ ነው፤ ይኸውም የሰው ሥራ ፍሬ፣ ክፉም ሆነ በጎ፣ ሠሪውን ይከተለዋል ማለት ነው። ባገራችን «የዘራውን ያጭዳል» የምንለውን ይመስላል።

ባጋቫድ ጊታ በሚባለው መጽሐፋቸውም ክሪሽና፣ በጦር ሜዳ መካከል ልቡ የከዳውን አርጁናን ሲመክረው እናገኛለን። የምክሩም ፍሬ ነገር ግዴታህን ፈጽም፤ ነገር ግን ስለምታገኘው ዋጋ ብለህ አትሥራ የሚል ነው። ለዋጋ ብቻ የሚሠራ ሰው ዋጋው የቀረ ቀን ሥራውንም ይተወዋልና።

ከሕንድ ምድር የፈለቀ የምግባር ታሪክ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1553 እ.ኤ.አ.፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም የበረላምንና የይዋሴፍን ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል። ታሪኩ፣ ኀዘንና ሕመም እንዳያይ በቤተ መንግሥት ተዘግቶ ያደገ የሕንድ ንጉሥ ልጅ፣ በኋላ ሕመምተኛውንና ሽማግሌውን አይቶ ልቡ እንደ ተነካ፣ በመጨረሻም መንግሥቱን ትቶ በብሕትውና እንደ ኖረ ይናገራል። ሊቃውንት እንዳረጋገጡት የታሪኩ መሠረት የቡድሃ ሕይወት ነው፤ «ይዋሴፍ» የሚለውም ስም «ቦዲሳትቫ» ከሚለው የሕንድ ቃል፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲተላለፍ እየተለወጠ የመጣ ነው። ቡድሃ የራሱን መንገድ ቢያስተምርም፣ ያደገው ስለ ካርማና ስለ ዳርማ በሚነገርበት በዚያው ምድር ነበር። አባቶቻችን እንግዲህ የመልካም ጠባይን ምሳሌ ከሩቅ አገር ለመቀበል አላፈሩም።

ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ስንል ማሕትማ ጋንዲን እናገኛለን። አዲስ አበባ ያላችሁ አንባብያን በስሙ ከተጠራው ሆስፒታል የተነሣ ስሙን በሚገባ ታውቁታላችሁ። ጋንዲ ጊታን የኑሮው መሪ አድርጎ ይዞ ነበር። በ1922 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ያስነሣው ሰላማዊ እምቢታ በተፋፋመ ጊዜ፣ ቻውሪ ቻውራ በምትባል መንደር የተቈጣ ሕዝብ የፖሊስ ጣቢያ አቃጥሎ ከ20 በላይ ፖሊሶች ገደለ። ጋንዲም ይህን እንደ ሰማ እንቅስቃሴውን በመላው አገር አስቆመ፤ ስለ ተከታዮቹ በደልም 5 ቀን ጾመ። ወዳጆቹ «ድል በደጃፍ ሳለ» እያሉ አጕረመረሙ። እርሱ ግን በክፉ መንገድ የተገኘ ነጻነት ነጻነት አይሆንም ብሎ ስላመነ፣ በሽንፈት ቀን የያዘውን ጠባይ በድል ዋዜማ አልለወጠም።

ሆኖም አንድ እውነት መሸሸግ አይገባንም። ያው የዳርማ ትምህርት፣ «እያንዳንዱ በተወለደበት ይኑር» ተብሎ ሲተረጐም፣ ብዙ ሚሊዮን ሰዎችን አይነኬ አድርጎ ከውሃ ጕድጓድና ከቤተ መቅደስ ሲያስከለክል ኖሯል። ጋንዲ ራሱ ይህን ነውር ሲቃወም ኖረ፤ በ1950 እ.ኤ.አ. የጸናው የሕንድ ሕገ መንግሥትም አይነኬነትን ሻረው። ለእግዜር ፊት የሚታጠብ ሰው ወንድሙን ከረከሰ ከቈጠረ መታጠቡ ምን ይረባዋል?

ይህንም ስንል ጣታችንን ወደ ሕንድ ብቻ አንቀስር። በዚያው በጣና ዳር፣ ከደንገል ታንኳ እየሠሩ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው ማዕድ ተለይተው ብዙ ዘመን አሳልፈዋል። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሰጠን፣ ሸማ ሠርቶ የሚያለብሰን ባለ እጅም በስድብ ስም ሲጠራ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት ስለዚህ ነበር። ነገር ግን ዐዋጅ አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን አያጥብም፤ ልብ የሚታጠበው በዕለት ዕለት ሥራ ነው።

እናንተ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ አንባብያን ሆይ፤ ይህ ሁሉ ወደ እናንተ ጠረጴዛ የሚመጣ ነገር ነው። ከፎገራ በእግሩ ተነሥቶ፣ ወረቀቱን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ የመጣው ባለጉዳይ በደጃችሁ ሲቆም፣ ለአለቃችሁ የምታሳዩትን ፊት ለእርሱም ታሳዩታላችሁን? ወይስ ለአለቃው ወገብ ሰብሮ መነሣት፣ ለገበሬው ግን «ነገ ተመለስ» ማለት ነው? ሰው ባየው ጊዜ ትጉህ፣ ሰው ባላየው ጊዜ ሰነፍ የሚሆን ሠራተኛ ጠባይ የለውም፤ ያለው ልብስ ነው፤ ይለብሰዋል፣ ያወልቀዋል።

«ደመወዜ ጥቂት ነው፤ ዕድገቱም ለሌላ ተሰጠ» የሚል ይኖር ይሆናል። የሠራተኛን ዋጋ ማስቀረት በደል ነው፤ በደሉንም በሕግ መንገድ መጠየቅ የተገባ ነው። ይሁን እንጂ በደሉን ያልፈጸመው ያ ገበሬ ዕዳውን ሊከፍል አይገባውም። ጊታ ለአርጁና የሰጠው ምክር በዚህ ቦታ ላይ ለእኛም ይሠራል።

የወንዛዬ ሕመምተኛ በየማለዳው ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ትናንት ታጥቤአለሁ ብሎ አይቀርም። እኛም ትናንት ለአንዱ ባደረግነው በጎ ሥራ ሳንመካ፣ ዛሬ በደጃችን የቆመውን አስገብተን እናነጋግረው።