በወለልና በኮርኒስ ውስጥ ለሚገጠሙ የእሳት ማገጃዎች የተሰጡ ስሞች፤ ታሪካዊ ቅኝት

የአማርኛ የግንባታ ሙያ ቃላት ሲመረመሩ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ለሚታየውና ለሚዳሰሰው ገጽ ሁሉ ስም አለ፤ በሁለት ገጾች መካከል ተሰውሮ ለሚቀረው ቦታ ግን ስም የለም። ወለል፣ ግድግዳ፣ ጣራ፣ ማገርና ወራጅ ከጥንት የኖሩ ቃላት ናቸው። ሶሌታ፣ አርማታ፣ ፌሮ፣ ጄሶና ኮርኒስ ደግሞ ከኢጣልያንኛ በውሰት ገብተው ከግንበኛው አፍ እስከ ጨረታ ሰነድ ድረስ ተደላድለዋል። ከእነዚህ መካከል ኮርኒስ ልዩ ትኩረት ይሻል። በመጣበት ቋንቋ በግድግዳ ራስጌ የሚዞረውን ጌጠኛ ጠርዝ የሚያመለክት ሲሆን፣ በአማርኛ ትርጉሙን አስፍቶ ከጣራው ወይም ከሶሌታው በታች የሚለበጠውን ገጽ በሙሉ ይዟል። ይህን ያህል ቢሰፋም ቅሉ፣ ከገጹ በስተላይ ያለውን ቦታ አልጠቀለለም። «ከኮርኒስ በላይ» እንላለን እንጂ ለቦታው ራሱን የቻለ ስም አልሰጠንም። ቦታው ትዝ የሚለንም አይጥ ሲሯሯጥበት ነው።

ጉዳዩ ግን የስያሜ ብቻ አይደለም። እሳት በሕንጻ ውስጥ ከሚጓዝባቸው መንገዶች እጅግ አደገኛ ከሚባሉት አንዱ ይኸው ስም የለሽ ቦታ ነው፤ የጋለ አየርና ጢስ ከሰው ዓይን ተሰውረው ከክፍል ወደ ክፍል ይሻገሩበታልና። ይህን መንገድ የሚዘጉት የግንባታ ክፍሎች በእንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ስሞችና ሁለት የተለያዩ መመዘኛዎች አሏቸው። በአማርኛ «የእሳት መከላከያ» የሚለው ሰፊ ሐረግ ሁለቱንም፣ ከእነርሱም ጋር በግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ማጥፊያ፣ ሲያስፈልግም የቁጥጥር ደንቡን ራሱን ሊሸፍን ይችላል። አቻ ቃል ከመፈለጋችን በፊት ሌሎች ቋንቋዎች ስሞቻቸውን እንዴት እንዳገኟቸው መመልከቱ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1666 ለንደን ከተቃጠለች በኋላ የወጣው የመልሶ ግንባታ ሕግ ትኩረቱ በግድግዳ ላይ ነበር፤ ቤቶች በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠሩ አዘዘ። በ1774 የወጣው የሕንጻ ሕግም በጎረቤታሞች መካከል የሚቆመውን የጋራ ግድግዳ አጠበቀ። እሳት ከቤት ወደ ቤት እንደሚዘል ሰዎች በዓይናቸው አይተው ነበርና ለጎንዮሹ ጉዞ ሕግም ስምም አገኙለት። በአንድ ቤት ውስጥ ከወለል ወደ ወለል የሚወጣው እሳት ግን ገና ስም አልነበረውም።

ለዚህ ክፍተት መፍትሔ ካቀረቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ዴቪድ ሃርትሌይ ነው። በ1773 ባወጣው የፈጠራ መብት መሠረት ከወለሉ ጣውላ ሥር ቀጫጭን የብረት ሉሆች እንዲነጠፉ አደረገ፤ ስማቸውንም «የእሳት ሰሌዳ» አለው። በፑትኒ ሂዝ ለሙከራ በሠራው ቤት ውስጥ በታችኛው ክፍል እሳት እየነደደ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛና ንግሥት ሻርሎት በላይኛው ክፍል ቁርስ እንደበሉ ይተረካል። በ1776 ለዚሁ መታሰቢያ የቆመው ሐውልት ዛሬም በስፍራው አለ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1777፣ በኋላ ኧርል ስታንሆፕ የተባለው ሎርድ ማሆን በኬንት በሚገኘው ቼቭኒንግ ሌላ ሙከራ አሳየ። የእርሱ ዘዴ ብረት አይሻም፤ በወለሉ ተሸካሚ እንጨቶች መካከል ርብራብ አስገብቶ ከኖራ፣ ከአሸዋና ከተከተፈ ድርቆሽ በተቦካ ልስን ይሞላዋል። ጭድ በጭቃ አብኩቶ ግድግዳ ለሚመርግ ሕዝብ ይህ ዘዴ እንግዳ አይደለም።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የስሞቹ ዕጣ ነው። ማሆን ለሦስቱ ዘዴዎቹ ሦስት ስሞች አወጣ፤ አንደኛው «ከሥር መንጠፍ»፣ ሁለተኛው «ተጨማሪ ርብራብ»፣ ሦስተኛው «እርስ በርስ ማጠንከር» ብለን ልንተረጉማቸው የምንችል ናቸው። ሦስቱም የሥራውን አኳኋን ይናገራሉ እንጂ የሚቆመውን ነገር አይጠሩም፤ ስለ እሳትም አንዳች አይሉም። ሦስቱም በሙያው ንግግር ውስጥ ሳይሰነብቱ ሞቱ። የሃርትሌይ ሰሌዳም የወል ስም ሳይሆን የአንድ ሰው ሸቀጥ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

በዚያው ዘመን በስኮትላንድ በወለል እንጨቶች መካከል አመድና መሰል ነገር የመሙላት ልማድ ነበር፤ ስሙ «ማደንቆሪያ» ማለት ነው። ሙሌቱ የእሳቱንም ጉዞ ያዘገያል፤ ሆኖም ስሙን ያወጣለት ከላይ የሚሰማው የእግር ኮቴ ነው። ሰው በየዕለቱ ለሚያስቸግረው ነገር ፈጥኖ ስም ያወጣል፤ በዕድሜው አንድ ጊዜ ለሚያገኘው ነገር ግን ይዘገያል።

በአሜሪካ ታሪኩ ሌላ መልክ ይዟል። ከ1830ዎቹ ጀምሮ በቺካጎ አካባቢ የተስፋፋው ቀላል የእንጨት ቤት አሠራር ቋሚዎቹን ከመሠረት እስከ ጣራ ጫፍ ሳያቋርጡ ያቆማቸው ነበር። በየሁለቱ ቋሚዎች መካከል የቀረው ክፍተት ከምድር ቤት እስከ ጣራ ሥር የሚደርስ የጢስ መውጫ ሆነ ማለት ነው። አናጺዎች በየወለሉ ልክ አግዳሚ እንጨት እየሰኩ ይዘጉት ጀመር፤ ይህም አግዳሚ «ፋየርስቶፕ» ተባለ። ቃሉ አጭር ነው፣ የሚቆመውን ነገር ይጠራል፣ የሚቆምበትንም ምክንያት ይናገራል። ስለዚህም ኖረ። ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት ይዞ ነው የኖረው፤ አግዳሚውንም ሆነ በኋላ ዘመን በቧንቧ ዙሪያ የሚሞላውን ልስን ያለ ልዩነት ይጠራ ነበር።

ልዩነቱን ያስገደደው የሃያኛው ምዕተ ዓመት ሕንጻ ነው። ከሶሌታው በታች በሽቦ የሚንጠለጠለው ኮርኒስ ሲስፋፋ ከበላዩ የኤሌክትሪክና የስልክ ሽቦ፣ የውኃ ቱቦና የአየር ማስተላለፊያ ተጨናነቁበት። በዚህ ጊዜ የተፈጠረው የስያሜ ግጭት ያስደንቃል። ይህንኑ ቦታ አንዱ ባለሙያ «ቮይድ»፣ ማለትም ባዶ፣ ሲለው የአየር መሣሪያ ባለሙያው «ፕሌነም» ብሎታል፤ ይህም በላቲን ሙሉ ማለት ነው። አናጺው ያልሠራበትን ቦታ አየ፤ የአየር ባለሙያው ግን በግፊት የሞላውን አየር አየ። በእሳት ረገድ የተሳሳተው የፊተኛው ይመስለኛል፤ ቦታው ባዶ ሆኖ አያውቅምና።

1975 በዚህ ታሪክ ውስጥ ከባድ ዓመት ነበር። የካቲት ወር ውስጥ በኒውዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል ሰሜናዊ ሕንጻ 11ኛ ፎቅ ላይ የተነሣ እሳት ለስልክ ሽቦ ተብለው በወለሎቹ ላይ በተተዉ ያልተደፈኑ ቀዳዳዎች ወደ ሌሎች ፎቆች ተሻገረ። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ በአላባማ ግዛት በሚገኘው የብራውንስ ፌሪ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የደረሰው ደግሞ የቃሉን ታሪክ ለሚከታተል ሰው ከሁሉ ይበልጣል። ሠራተኞች ሽቦዎች በግድግዳ በኩል የሚያልፉበት ቀዳዳ በሚገባ መደፈኑን ያረጋግጡ ነበር። አየር የሚያሾልክ ስንጥቅ መኖሩን የሚያውቁት የሻማ ነበልባል አስጠግተው ወዴት እንደሚያዘነብል በማየት ነው። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ተሳበና የመድፈኛውን ስፖንጅ መሰል አረፋ አቀጣጠለው፤ እሳቱ ሰባት ሰዓት ያህል ነድዶ ከ1600 በላይ ሽቦዎችን አበላሸ። መድፈኛው አየርን ለመከልከል የተሠራ ነበር፤ እሳትን ለመከልከል የተፈተነ አልነበረም። ሁለቱም ግን በአንድ ቃል «መድፈኛ» ይባሉ ነበር። በ1981 የአሜሪካ የፍተሻና የቁሳቁስ ማኅበር ባወጣው መለኪያ ላይ ስሙ ረዝሞ ሲታይ፣ «ዘልቆ ለሚያልፍ ነገር የሚደረግ የእሳት ማቆሚያ» ሆኖ ተጻፈ። ርዝመቱ ለንግግር አይመችም፤ የማያሻማ መሆኑን ግን መካድ አይቻልም።

የእንግሊዝ ደንብ ደግሞ ነገሩን በሁለት ስም ከፈለው። «ካቪቲ ባሪየር» የሚባለው ስውሩን ክፍተት የሚዘጋ ወይም ከፋፍሎ ጢስና ነበልባል በውስጡ እንዳይንሸራሸር የሚያደርግ አካል ነው። ከኮርኒሱ በላይ ሲገጠም ከኮርኒሱ ተነሥቶ ሶሌታውን ወይም ጣራውን እስኪነካ መድረስ አለበት፤ በጣራና በኮርኒስ መካከልም በሁለት ማገጃዎች መሐል ያለው ርቀት ከ20 ሜትር እንዳይበልጥ ተደንግጓል። በተለመደው ሥርዓት ነበልባልን ለ30 ደቂቃ፣ ሙቀትን ለ15 ደቂቃ መግታት ይጠበቅበታል። «ፋየርስቶፕ» የሚለው ስም ግን ሁለት የግንባታ ክፍሎች በሚገናኙበት ወይም ቧንቧና ሽቦ በሚያልፉበት ቦታ የሚቀረውን ጉድለት ለሚደፍነው ተለየ። የእርሱ መለኪያ የሚደፍንለት ግድግዳ ወይም ሶሌታ ራሱ ነው፤ ሶሌታው ለሁለት ሰዓት ከተሠራ እርሱም ለሁለት ሰዓት መጽናት አለበት።

እንግዲህ የተርጓሚው ኃላፊነት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ «የእሳት መከላከያ» የተረጎመ ሰነድ በገጣሚው እጅ ሲገባ፣ የሁለት ሰዓት መድፈኛ በሚያስፈልግበት ቀዳዳ ላይ የ30 ደቂቃ ማገጃ ቢሰካ ሰነዱን አልተላለፈም። በ1996 በዱሰልዶርፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከኮርኒስ በላይ በነበረ ተቀጣጣይ ልባስ አማካይነት የተስፋፋው እሳት 17 ሰዎችን ገድሏል። በ2017 በለንደን ግሬንፌል ሕንጻ 72 ሰዎች ሲያልቁ ደግሞ በውጪው ልባስ ሥር የነበሩት ማገጃዎች ጉድለት በምርመራው ከተነሡት ነጥቦች አንዱ ነበር።

ወደ አማርኛ ስንመለስ፣ ነባሩ የሣር ክዳን ቤት ኮርኒስ ስላልነበረው ስውር ክፍተትም አልነበረውም፤ ጢሱ በክዳኑ በኩል ይወጣ ነበር። ችግሩ ከቆርቆሮ ጣራና ከአቡጀዲ ኮርኒስ ጋር መጣ። ተያይዘው በተሠሩ ክፍሎች ውስጥ መለያው ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሲያበቃ፣ ከታች አራት የተለያዩ ቤቶች የሆኑት ከላይ አንድ ቤት ናቸው። ይህን ቦታ «ባዶ ቦታ» ማለት አይበጅም፤ በከተማ አነጋገር ያልተሠራበት መሬት ነውና። «ሕዋ» የሚለውን የጠፈር ሳይንስ ይዞታል። «ክፍተት» ብቻውን ከሕግ እስከ በጀት ድረስ ያለውን ጉድለት ሁሉ ይጠራል። ስለዚህ «ስውር ክፍተት» ይሻላል እላለሁ፤ የኮርኒስ ስውር ክፍተት፣ የወለል ስውር ክፍተት እየተባለም ይዘረዘራል።

ስውሩን ክፍተት ለሚከፋፍለው «ማገጃ» ያለ ችግር ይስማማል። አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። «ደፈነ» ከሚለው ግሥ የሚገኘው «መድፈኛ» ለቀዳዳ የተመቸ ሆኖ ሳለ፣ ከእሳት ጋር ሲጣመር ወደ ሌላ ስፍራ ይወስደናል። እሳት ማዳፈን ፍሙን በአመድ ሸፍኖ እስከ ንጋት ማቆየት ነው፤ ማለትም እሳቱን ማዳን እንጂ ማቆም አይደለም። «የእሳት መድፈኛ» የሚል ስም የሚሰማ ባለቤት በአእምሮው የሚያየው ምድጃ ቢሆን አይፈረድበትም። ይልቁን በስውር ክፍተት ውስጥ ሳይታይ የሚሰነብተውን እሳት «የተዳፈነ እሳት» ብለን ቃሉን በትክክለኛ ቦታው ብናውለው መልካም ነው።

ለቀዳዳው «ውታፍ» የሚለውን አቀርባለሁ። የገንቦና የቅል አፍ የሚወተፍበት ነው፤ ተጠቅጥቆ በመጥበቁ የሚሠራ፣ ልኩም የቀዳዳው ልክ የሆነ ነገር ነው። «ጸረ እሳት ውታፍ» እና «ጸረ እሳት ማገጃ» ጎን ለጎን ሲቆሙ አንባቢው ልዩነቱን ያለ ማብራሪያ ይረዳል። «ውታፍ የገበሬ ቤት ቃል ነው፣ ለሕንጻ ሰነድ ይቀላል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። የፈረንሳይኛው አቻ ግን በርና መስኮት ላይ ነፋስ የሚያስገባውን ስንጥቅ ከመጠቅጠቅ የመጣ ነው፤ የጀርመንኛውም ከመርከብ ከፋይ ግድግዳ የተወሰደ ነው። ሁለቱም ከቤትና ከመርከብ ወጥተው ሰነድ ላይ ሲቀመጡ ክብራቸው አልጎደለም።

አንድ ቃል ይቀራል። የላስቲክ ቧንቧ በእሳት ሲቀልጥ በውታፉ መካከል ቀዳዳ ይተዋል፤ ስለዚህ በዙሪያው ሙቀት ሲነካው የሚያብጥ ቀለበት ይታሰራል፤ ቀለበቱም አብጦ የለሰለሰውን ቧንቧ አንቆ ይዘጋዋል። ለማበጡ «ኩፍ ባይ» የሚለው ይበቃል፤ ሊጥ በሙቀት ኩፍ ሲል ያላየ የለምና። ቀለበቱን በእንግሊዝኛ በልብስ ኮሌታ ስም ይጠሩታል። ኮሌታም አንገትጌም በእጃችን አሉ፤ ቧንቧው በሶሌታው በሚያልፍበት አንገቱ ላይ የሚታሰር በመሆኑ «ኩፍ ባይ አንገትጌ» የሚለውን እመርጣለሁ።